አሁንም እያዩ ነው?

መምህር ወዳጆ ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቀየት ከተማ በሚገኘው ቤታቸው፣ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ነው። ቴሌቪዥኑ መዝሙር ያሰማል። ኢንስፔክተር ጽናት በሩን አልፋ ስትገባ አስቀድሞ የተቀበላት ሽታው ነበር፤ ትውከት፣ ኮሶ፣ ከሁለቱም ሥር ደግሞ ለጊዜው ምንነቱን ያልለየችው አንድ የሚጎመዝዝ ነገር። የሟቹ አገጭ፣ ደረትና ሁለት እጆች በትውከት ተለውሰዋል። ከበሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ይህን የሚያህል ቴሌቪዥን አሁን ለማን እንደሚደርስ ይንሾካሾካሉ። ጽናት ሁለቱንም አስወጣቻቸው።

ሰው ሁሉ የገደላቸው ኮሶ ነው ይላል። መምህሩ ያን ቀን ጠዋት ኮሶ ጠጥተው ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ስለሚውልም ማንም ብቅ ብሎ አልጠየቃቸውም። ከጤና ጣቢያ የመጣው ባለሙያ ግን የሟቹን የዐይን ሽፋን ገልጦ በባትሪ አየ። ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል።

«ኮሶ እንዲህ አያደርግም» አላት ቀስ ብሎ። «የገብስ ተባይ የሚገድሉበት መድኃኒት ይመስለኛል። ሆስፒታል ያረጋግጠው።»

ጽናት ያን ጊዜ የሽታውን ስም አገኘች። አባቷ ገብስ አራሽ ነበሩ፤ ያ መድኃኒት ከልብሳቸው ላይ ለሳምንት አይለቅም ነበር።

ከቴሌቪዥኑ ሥር ሁለት ትንንሽ የፊልም ማጫወቻ ቦክሶች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። መዝሙሩ የሚመጣው ከነጩ ነው። የጥቁሩ ሪሞት የተገኘው ከሟቹ ራቅ ብሎ፣ ከወዲያ ማዶ ባለው ወንበር ክንድ ላይ ነው። ጽናት በመሐረብ አንሥታ አገላብጣ አየችው። አንዲት ነጠብጣብ እንኳ የለበትም። ከሶፋው ትራስ ሥር ደግሞ አንድ ደብተር አገኘች።

መምህር ወዳጆ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ እርማት ያልተዋቸው ሰው ነበሩ። ነጩን ቦክስ ልጃቸው ሐና ከደብረ ብርሃን ልካላቸዋለች፤ ጥቁሩን ደግሞ ገበያው ዳር ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው የእህታቸው ልጅ ባምላኩ ለሙከራ አምጥቶላቸዋል። እሳቸውም የሚሻለውን ለመምረጥ ሁለቱን እንደ ተማሪ ይፈትኗቸው ነበር። የዓርቡ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ነጩ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ከፍላሽ ያጫውታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ያየሁትን ሁሉ ይረሳል። 41 ከመቶ። ወድቋል።»

የቅዳሜው ገጽ ስለ ጥቁሩ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ የሚወዱት ተከታታይ ድራማ ክፍል ሰባት መጀመሩን ጽፈው ለምስሉ ዘጠኝ ከአሥር ሰጥተዋል። ከዚያ «3፡20 ኮሶው አልሠራም፣ ደገምኩ» ይላል። ክፍል ስምንት የጀመረው 3፡50 ላይ ነው። የመጨረሻው ጽሕፈት መስመሩን ስቶ ወደ ታች ተንሸራቷል፦ «4፡15 ምስሉ ደበዘዘ። ሦስት ነጥብ ቀነስኩ።»

ጽናት ያን መስመር ደግማ አነበበችውና ደብተሩን ዘጋችው።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ጠጄ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ኮሶውን ያዘጋጁት እሳቸው መሆናቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። መምህሩ አንድ ሰዓት ላይ ጠጡ፤ እሳቸው ዋንጫውን አጥበው ሁለት ሰዓት ላይ ገበያ ወጡ፤ ሲመለሱም ያገኙት ይህን ነው።

«ስንት አዘጋጅተው ነበር፣ እትዬ ጠጄ?»

«አንድ ዋንጫ። ኮሶ ይደገማል እንዴ፣ ልጄ? አንዱንም የሚችለው ሲገኝ ነው።»

ጽናት ባለቤትዎ ከማን ጋር ተጣልተው ነበር ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ጠጄ «ጠብ አያውቁም» አሏት። ይሁንና መምህሩ ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሣር መሬት የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ጸሐፊ ስለነበሩ፣ ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ነገር ሲያብሰለስላቸው ሰንብቷል። በዚያ በተከለለ መሬት ውስጥ አንድ ሰው ለዓመታት መኪና እያስገባ ሣሩን ሲያሳጭድ ኖሯል። ማን እንደሆነ ደርሰውበት፣ እሑድ በሚደረገው ስብሰባ ሊናገሩ ነበር።

«ስሙን ግን አልነገሩኝም» አሉ። «‹በገዛ አፉ ይናገር ብዬ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› ነው ያሉኝ።»

እሑድ ጠዋት ሬሳው ከሆስፒታል ተመለሰ። መርዙ የጤና ባለሙያው የጠረጠረው ነበር። ከቀብር በኋላ ጽናት ባምላኩን ወደ ቤት አስጠራችው። ገና ሳይቀመጥ የጠየቃት ጥቁሩን ቦክስ መቼ እንደሚወስድ ነው፤ የሚፈልገው ሰው አለ። አጎቱ ከተቀበሩ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ጽናት የሁለቱን ቦክሶች ልዩነት እንዲያስረዳት አዘዘችው። እሱም ስለ ዕቃ ሲያወራ ደስ የሚለው ሰው ነውና በደንብ አስረዳ። ነጩ ምንም አያስታውስም። ጥቁሩ ግን የታየውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ዝርዝሩ አይጠፋም። ሁለት ክፍል በተከታታይ ከታየ ደግሞ ራሱን አቁሞ «አሁንም እያዩ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሪሞት ካልነካ አይቀጥልም።

«ምስሉ ይደበዝዛል?»

«በፍጹም። ኔትወርክ ሲደክም ይቆማል እንጂ አይደበዝዝም። ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አጎትህ። ዝርዝሩን አሳየኝ።»

ባምላኩ ከፈተላት። ክፍል ስምንት 4፡35 ላይ አልቋል። ጥያቄው ወጥቷል። 4፡52 ላይ አንድ ሰው «አዎ» ብሎ ክፍል ዘጠኝን ጀምሮ እስከ መጨረሻው አይቷል። መካከል ላይም አንድ ቦታ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ያመለጠውን ንግግር ደግሞ ለመስማት።

ባምላኩ ራሱ በዚያ ሰዓት ሱቁ ውስጥ እንደነበር አምስት ገበያተኛ መስክሮለታል። ክፍል ዘጠኝ የወጣው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መሆኑን፣ ከዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ጀምሮ በከተማውም በራቤልም ኔትወርክ ስለጠፋ እሱ ገና እንዳላየው ነገራት። «ማንም አላየውም» አለ በቁጭት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አቶ ማዕረግ ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ ያስተናግዱ ነበር። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ንግግራቸው ለስላሳ፣ ሰው የሚወዳቸው ሰው ናቸው። እሳቸውም ከጓሳ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ቅዳሜን ራቤል በግ ሲገዙ እንደዋሉ፣ መርዶውን ሰምተው እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንደደረሱ ተናገሩ። ስለ ወንድማቸው ሲያወሩ ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«ያን ድራማ እንዴት ይወዱት ነበር መሰለሽ» አሉ። «ዳኛው የዚያች የጠፋች ልጅ አባት መሆኑን ሳያዩ መሞታቸው፣ እሱ ነው የሚቆጨኝ።»

ጽናት አንገቷን ነቅንቃ አጽናናቻቸውና ወጣች።  ድንኳኑ ጀርባ ቆማም ራቤል ላለው ባልደረባዋ በፖሊስ ሬዲዮ ጥያቄ ላከች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ኔትወርክ ተመለሰ። ጽናት ወይዘሮ ጠጄን፣ ባምላኩንና አቶ ማዕረግን መምህሩ የሞቱበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወለሉ በበረኪና ታጥቧል፤ ሽታው ግን ግድግዳውን አልለቀቀም። ከሟቹ ሶፋ በቀር በየወንበሩ ተቀመጡ። እሷ ቆማ ጀመረች።

መምህር ወዳጆ ኮሶ ደግመው እንደጠጡ በእጃቸው ጽፈዋል፤ ወይዘሮ ጠጄ ደግሞ አንድ ዋንጫ ብቻ ነው ያዘጋጁት። ስለዚህ ሁለተኛውን ያመጣላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ከእጁ ተቀብለው የሚጠጡለት፣ የሚያምኑት ሰው። የኮሶ ምሬት መርዙን ደበቀው። 4፡15 ላይ መምህሩ ምስሉ ደበዘዘ ብለው ከቦክሱ ነጥብ ቀነሱ።

«ቦክሱ አልደበዘዘም ነበር» አለች። «የደከመው ዐይናቸው ነው። መርዙ ዐይናቸውን ሲወስደው እሳቸው ጥፋቱን የዕቃው አደረጉት።»

ወይዘሮ ጠጄ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ጽናት ቀጠለች። ክፍል ስምንት ሲያልቅ መምህሩ ነጥብ አልሰጡም፤ ያዩትን ሳያርሙ የሚያልፉ ሰው ግን አልነበሩም። በ4፡52 «አዎ» ብሎ ሪሞቱን የነካው እጅ የእሳቸው ሊሆን አይችልም፤ እጃቸው በትውከት ተለውሶ ሪሞቱ ንጹሕ ነበር፤ ያለውም ከማዶ ወንበር ላይ ነው። ያ ሰው ሲጨርስ ቴሌቪዥኑን ወደ ነጩ ቦክስ አዞረና መዝሙር ከፈተ፤ መምህሩ ጸሎት እየሰሙ ያረፉ እንዲመስል። እሳቸው ግን ነጩን ዓርብ ዕለት ጥለውታል። ገዳዩም ጥቁሩ ሁሉን እንደሚመዘግብ አላወቀም። ባምላኩ ቢሆን ያውቅ ነበርና ባጠፋው፤ በዚያ ላይ ሱቁ ውስጥ ነበር። ወይዘሮ ጠጄን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገበያ ላይ ያዩዋቸው ብዙ ናቸው።

ከዚያ ባምላኩ የክፍል ዘጠኝን መጨረሻ እንዲከፍት አዘዘችው። ዳኛው የልጅቷን የአንገት ማተብ ያያል፣ ይለየዋል፣ አባቷ መሆኑን ይናገራል። ጽናት አስቆመችው።

«ትናንት ይህን ለእኔ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ማዕረግ። የት አዩት?»

«ሰው ነው የነገረኝ» አሉ። «ባምላኩ መሰለኝ።»

«እኔ አሁን ገና ማየቴ ነው፣ ጋሼ» አለ ባምላኩ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ጽናት በጸጥታ ጨመረች። በጉን የሸጠላቸው ሰው አቶ ማዕረግ ራቤል የደረሱት ቅዳሜ ከመሸ በኋላ እንደሆነ ለፖሊስ ተናግሯል። በሽማግሌዎቹ መዝገብ ውስጥ መምህሩ ለእሑዱ ስብሰባ ሣር ያሳጨደው ብለው የጻፉት ስም ደግሞ የእሳቸው ነው።

አቶ ማዕረግ ብዙ አልተከራከሩም። ወንድማቸው ሐሙስ ዕለት ጠርተው ራስህ ተናገር እንዳሏቸው፣ በሰው ፊት ከመዋረድ ይህን እንደመረጡ ተናገሩ። መርዙን በኮሶ በጥብጠው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው ያመጡት።

«እያየሃቸው ተቀመጥክ?» አሉ ወይዘሮ ጠጄ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ውሃ ስጠኝ አላሉህም?»

አቶ ማዕረግ ወለሉን እያዩ «ብለዋል» አሉ።

«ከሞቱስ በኋላ ለምን አልሄዱም?» ስትል ጽናት ጠየቀች። ይህን ጥያቄ ሁለት ቀን ሙሉ ይዛው ነበር፤ ፍርሃት፣ ጸጸት፣ የሚፈልጉት ወረቀት፣ የሆነ ምክንያት ይኖራል ብላ አስባለች።

«ታሪኩ ይዞኝ ነበር» አሉ። «ክፍል ስምንት ልብ አንጠልጥሎ ቆመ። ጨርሼው ልሂድ ብዬ ነው።»

 ባምላኩ ተነሥቶ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው።

ወደ ጣቢያ የሚወስዳቸው መኪና ከከተማው ወጥቶ ዳገቱን ሲይዝ፣ በሰንሰለት የታሰሩት አቶ ማዕረግ ከኋላ ወንበር አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ጽናት ጎንበስ አሉ። እሷም ስለ ወንድማቸው ሊናገሩ መስሏት ጆሮዋን ሰጠቻቸው።

«ልጄ» አሏት በዚያው ለስላሳ ድምፃቸው፣ «እስር ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ያሳያሉ?»

ጽናት ሾፌሩን አስቆመችው። ወርዳ መንገዱ ዳር ካለው የገብስ ማሳ ጫፍ ሄደችና ጉልበቷን ተደግፋ አስመለሰች። አፏን ጠርጋ ስትመለስ ከኋላ አልተቀመጠችም፤ ከሾፌሩ ጎን ገብታ መስኮቱን እስከ ታች ከፈተችው፤ ብርዱ ፊቷን እየገረፋት ሄደች።