ጓሮ የሌለው ቤት

ያላመነ ወላይታ ሶዶ ይምጣ፣ ግድግዳውን አሳየዋለሁ።

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው... በጠራራ ፀሐይ፣ እሁድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ።

ትዝታ እባላለሁ። ግቢያችን ለመንገድ ሲፈርስ እኔና እማዬ ወደ ተበላ ከተማ በሚወስደው መንገድ መውጫ ላይ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ተሰጠን። በሩ አንድ ነው። ከኋላ አንዲት መስኮት ያላት ግድግዳ ብቻ።

እማዬ አልለመደችውም። የፈረሰው ቤታችን የእንጨት በር ዝቅተኛ ጉበን አሁንም ያለ ይመስል ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ጎረቤት ይስቃል፣ እኔ መግቢያ አጣለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ... ግድግዳው ሥር ተቀምጣ እጇ ጭቃ ሆኖ አገኛታለሁ። በደረቅ በጋ።

"ከየት አመጣሽው?"

"እንሰቱን ስኮተኩት።"

እንሰታችን የነበረበት ቦታ አስፋልት ሆኗል።

የዚያን እሁድ መክብብ፣ ያ የምወደው ልጅ፣ ሽማግሌ ላከ። እንግዶቹ እንደተቀመጡ እማዬ በመሃላቸው መጣች። ጎንበስ አለች። ባዶው ወለል ላይ እግሯን አንስታ የሆነ ነገር ተሻገረች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጎትቼ ውስጠኛው ክፍል አስገባኋት።

"አዋረድሽኝ" አልኳት በሹክሹክታ።

"ምን አደረግሁ ልጄ?"

"እስኪሄዱ እንዳትታዪ።"

"ጓሮ ልቆይ?"

"የፈለግሽበት ቆዪ።"

ዘግቼባት ወጣሁ። "እናትሽስ?" ሲሉኝ "አሟታል" አልኩ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ከፈትኩ።

ክፍሉ ባዶ ነው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። አልጋው ሥር አየሁ... የለችም።

ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ...

"ትዝታ... እንግዶቹ ሄዱ?"

በመስኮት አየሁ። ከኋላ ሜዳ ብቻ ነው፣ ሰው የለም።

"ልውጣ ልጄ?"

አፌን ሳልከፍት ጋሽ ወልደመስቀል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ባርኔጣቸውን ረስተው ኖሮ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

"ማን ነው የሚያወራው?"

"ማንም የለም" አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እንድትሰማ አድርጌ። ምላሴን በቆረጠው።

እሳቸው ሄዱ። ግድግዳውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"እማዬ... ሄደዋል። ውጪ በቃ።"

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

"እማዬ..."

በዚያኛው ወገን የድሮው ቤታችን የእንጨት በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ... ቀጥሎም መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ።