የእሁዱ ኩሽኔታ

«አሮጌዎቹስ?» አለ የሩሃማ አባት ዘርሁን፣ እጁን ዘርግቶ።

ወንድሟ ጌዲ በጨርቅ የጠቀለለውን አቀበለው። ያለቀ የሞተር ታይሚንግ ቺንጋና አንድ አሮጌ ኩሽኔታ። የተቀየረ ዕቃ ለባለመኪናው ይመለሳል፤ ለመቀየሩ ከዚያ ሌላ ማረጋገጫ የለም። ዘርሁን ኩሽኔታውን በጣቱ ሲያሽከረክረው ደረቅ ድምፅ አሰማ።

«ይሄን ይዤ ነው ልጆች ሳመላልስ የከረምኩት?» አለና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የወንድ ልጁን ትከሻ ያዝ አደረገ። «እጅህ ይባረክ።»

ሩሃማ ከቧንቧው ሥር እጇን እየታጠበች ነበር። ቀና አላለችም። ኩሽኔታው ከእነሱ መኪና የወጣ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ጌዲ ኮሌጁን አቋርጦ የኦቦ ሞቱማ ጋራዥ ከገባ ወዲህ፣ አባትና ልጅ በአንድ ገበታ እየበሉ እንኳ ብዙም አይነጋገሩም ነበር። ዛሬ ግን ዘርሁን ተማሪዎች የሚያመላልስበትን አሮጌ ሚኒባስ ቁልፍ ራሱ አምጥቶ፣ «እስቲ አንተ ሥራው» ብሎ ሰጠውና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ጌዲ ከሥር ተኝቶ ሲፈታ ሩሃማ ባትሪ ታበራለት፣ ብሎኖቹንም ትቀበለው ነበር።

ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው አዲሱ ኩሽኔታ ከእጁ ያመለጠው ሊገጥመው ሲል ነው። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጠርዙ ተሰነጠቀ። ጌዲ አንስቶ ብዙ አገላበጠው። ሌላ የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ ነው፤ እሁድ ደግሞ የመለዋወጫ ሱቆቹ ዝግ ናቸው። በመጨረሻ አሮጌውን ጠራርጎ መልሶ ገጠመውና አዲሱን ቺንጋ በላዩ ወጠረ። ለአባታቸው የሚያሳየውን ደግሞ ከጋራዡ የወዳደቀ ብረት መሃል ለቅሞ መጣ።

አባታቸው አሮጌዎቹን ይዞ ወደ ቤት ሲገባ ሩሃማ ወንድሟን ወደ አጥሩ ጎተት አደረገችው።

«ለምን አትነግረውም?»

«እነግረዋለሁ። ይህን ሳምንት ይሥራበትና ቅዳሜ ገዝቼ እቀይረዋለሁ።»

«እስከዚያ ኩሽኔታው ነክሶ መሽከርከር ቢያቆምስ? ቺንጋው ይበጠሳል።»

«አቦ አታካብጂ። ስንት ወር ሲሄድበት የነበረ ነው እኮ።»

«ለዚሁ አይደል እንዴ የተቀየረው? ማለቴ፣ ሊቀየር የነበረው።»

ጌዲ ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ሩሂ፣ እጅህ ይባረክ አለኝ። እንዲህ ካለኝ ስንት ጊዜው እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። ትታው ወደ ቤት ገባች።

ራት ላይ ዘርሁን ያለወትሮው ተጫወተ። ለአንድ ወላጅ ደውሎ፣ «ልጄ ነው የሠራት፤ ነገ በሰዓታችን እንመጣለን» ሲል ሩሃማ የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችው። ጌዲ አቀርቅሮ ይበላል። አባቷ አንድ ቀን የነገራት ትዝ አላት፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ በአንዴ ይጠፋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑም መሪውም ይደነድናል። ከሰፈራቸው ከሱሉልታ አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ ወዳለው ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ደግሞ ያ ሁሉ ቁልቁለት አለው።

ጠዋት ጉም ነበር። ሚኒባሱ ግቢው በር ላይ ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። ድምፁ ደህና ነው፤ ሩሃማን ያስፈራትም ይኸው ነው። ጎረቤታቸው ወርቅቱ ልጇን ሶፊን ይዛ መጣች።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዘርሁን፣ እንዴት አደሩ። መኪናዋ ዳነች አሉ።»

«ጌዲ አዳናት» አለ ዘርሁን። «አሁንማ እንኳን ለትምህርት ቤት፣ ለሠርግም ትሆናለች።»

አንደኛ ክፍል የገባችው ሶፊ እንደ ልማዷ የፊት ወንበር ላይ ወጥታ ቦርሳዋን አቀፈች። ሞተሩ ያለው ከዚያ ወንበር ሥር ነው።

ሩሃማ ወደ ጌዲ ዞረች። የቤቱ ደጃፍ ላይ የሥራ ልብሱን በክንዱ ይዞ ቆሟል። ዓይኑን አሸሸባት። እንዲናገር ጠበቀችው። አባቷ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ የፊት መስታወቱን ወለወለ። ጌዲ የሥራ ልብሱን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ።

ሩሃማ የፊቱን በር ከፈተች።

«ሶፊዬ፣ ነይ ውረጂ።»

«ለምን?»

«ለትንሽ ጊዜ ብቻ።»

አቅፋ አወረደቻት። ከዚያ እጇን አሻግራ ሞተሩን አጠፋችው፤ የወንበሩን መያዣ ፈትታ ወደ ላይ አነሳችው። የሞቀ ዘይት ሽታ ፊቷን መታት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ልጆቹ እየጠበቁን ነው እኮ» አለ አባቷ።

«ጌዲ የሚነግርህ ነገር አለ፣ አባዬ።»

ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ደጃፉ ድረስ ግን ተሰምቷል። ወርቅቱ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ዘርሁን መወልወያውን እንደያዘ ወደ ቤቱ ዞረ።

ሩሃማ አልዞረችም። ወንበሩ ከባድ ነው፤ በሁለት እጇ ደግፋ፣ ዓይኗን ሞተሩ ላይ ተክላ ቆመች። ጠጠሩ ላይ ቀስ ያለ የጌዲ ኮቴ ከደጃፉ ወደ እሷ ሲመጣ ሰማች። ወንበሩን አላወረደችም።