ጠፍጣፋው ፔዳል

ብሌን የወደቀችው ብስክሌቱ ከቆመ በኋላ ነው። ፍሬን ይዛ በደንብ አቆመችው፤ እግሯን ልታወርድ ስትል ግን ጫማዋ ከፔዳሉ አልላቀቅ አለ። ከነብስክሌቱ በጎኗ ሣሩ ላይ ተዘረረች።

እፀገነት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ብሌንም እንደተኛች ሳቀች። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም።

«ተረከዝሽን ወደ ውጭ አዙሪው» አለች እፀገነት ጫማውን በእጇ እያላቀቀች። «ወደ ላይ ከሳብሽው ጭራሽ አይለቅሽም። ሳምንቱን ሙሉ ብስክሌቱ አንቺ ጋ ነበር፣ እንዴት ይሄን አላወቅሽም?»

ብሌን ልብሷን አራገፈች። «አልተለማመድኩበትም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናቴ ታማ ነበር። ቤቱን ይዤ ሰነበትኩ።»

«ለቲቸር ግን ለመድኩት ብለሻቸዋል።»

«ካላልኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል። እንዳትነግሪብኝ፣ በእናትሽ።»

ውድድሩ ነገ ነው። ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሴቶች በአንድ ብስክሌት ይወዳደራሉ። አንዷ ከወንዙ እስከ ተራራው አናት ዳገቱን ትወጣለች፤ ሌላዋ እዚያ ተቀብላ በጠጠሩ መንገድ እስከ ሞላሌ ከተማ ትወርዳለች። ዳገቱ የእፀገነት፣ ቁልቁለቱ የብሌን ነበር።

ብስክሌቱን የላከላቸው እዚያው ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ፊቱ ላይ ንዝረት የሚቀንስ ሞላ አለው፤ ፔዳሉም ልዩ ጫማ የሚቆልፍ ነው። እግር ሲቆለፍ መርገጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ መሳብም ስለሚቻል ዳገት ይቀላል። እፀገነት ክረምቱን ሙሉ ተለማምዳበታለች። አምና ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣችው ልጅ አናቱ ጋ ስትደርስ ነበር የቀደመቻት። ዘንድሮ እንደማትቀድማት እርግጠኛ ነበረች።

«የፔዳሉን መቆለፊያ ብሎን አላልተሽ ብትተዪልኝስ?» አለች ብሌን።

«ከላላ ደግሞ ጠጠሩ ሲያነጥርሽ ሳታስቢው ይለቅሻል።»

«አታካብጂ። ሞላ አለው አይደል?»

«ሞላው መንገጫገጩን ነው የሚቀንስልሽ። እግርሽን አያወርድልሽም።»

ብሌን እስኪመሽ ሞከረች። አንዳንዴ እግሯ ይወጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። እፀገነት ቁልቁለቱ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ኩርባ አሰበች። መንገዱ እዚያ ጋ ጠቦ የገደሉን አፋፍ ይዞ ይዞራል። ብሌን በወንድሟ አሮጌ ብስክሌት እዚያ ስትደርስ ሁሌም አንድ እግሯን ታወርዳለች። እሷን የሚያህል ቁልቁለት ወራጅ በትምህርት ቤቱ አልነበረም፤ ግን እግሯ ነፃ ሲሆን ነው።

ብስክሌቱን እየገፉ ወደ ስፖርት ክፍሉ ሄዱ። ብሌን በር ላይ ቀረች። መምህር ኃይለመስቀል ኳስ እየነፉ ነበር።

«እሺ፣ ተዘጋጃችሁ?»

«ቲቸር» አለች እፀገነት፣ «ፔዳሉን ጫማ በማይቆልፈው በጠፍጣፋው ብንቀይረውስ?»

«ይሄን ያስገጠምነው ላንቺ እኮ ነው። ዳገቱን እንዴት ልታደርጊው ነው?»

«እወጣዋለሁ።»

መምህሩ ኳሱን አስቀመጡ። «ብሌን አልለመደችውም እንዴ?»

መልሱ ከበሩ መጣ።

«አልለመድኩትም፣ ቲቸር። ዋሽቼዎታለሁ።»

መምህሩ ወደ ብሌን ዞሩ። «ነገ ገደሉ አፋፍ ላይ ከማውቀው ዛሬ ማወቄ ይሻላል» አሉ። መፍቻውን ከሳጥኑ አውጥተው ለእሷው ሰጧት። «በይ ፍቺው። የግራው ፔዳል በተቃራኒው ነው የሚዞረው፤ እንዳታበላሺው።»

በማግስቱ እፀገነት የሞላውን ማጥበቂያ ቆልፋ ዳገቱን ጀመረች። ሞላው ከተከፈተ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር እየሰመጠ ጉልበቷን ይበላባታል። እግሯ ፔዳሉ ላይ ይንሸራተት ነበር። ለመሳብ ትሞክርና ጫማዋ ባዶውን ይነሳል። የመሐል ሜዳዋ ልጅ እንደ አምናው መጨረሻ ላይ አለፈቻት።

አናቱ ላይ ትንፋሿ ተቆራርጦ ከብስክሌቱ ወረደች። ብስክሌቱን ከመስጠቷ በፊት ማጥበቂያውን ፈታችው። «ሞላው ተከፍቷል» አለች። «ቁጭ ብለሽ አትውረጂ። ከኮርቻው ተነሺ፣ ፔዳሎቹን አግድም ያዢ።»

ብሌን በእሺታ ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

እፀገነት ድንጋይ ላይ ቆማ በዓይኗ ተከተለቻት። ኩርባው ጋ የኋላ ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። አቧራ ተነሣ። በአቧራው መሐል ብሌን እግሯን ስታወርድ፣ መሬቱን ስትገፋና መልሳ ስትቃና ታየቻት።

ሁለተኛ ወጡ። እፀገነት በመኪና ሞላሌ ስትደርስ ብሌን መንገድ ዳር ተቀምጣ ገብስ ቆሎ ትቆረጥማለች። ፊቷ አቧራ ብቻ ነው።

«አንደኛ የወጣችው ላይ ልደርስባት ትንሽ ነበር የቀረኝ» አለችና እፍኝ ቆሎ ሰጠቻት። «ኩርባውን አየሽው?»

«አይቼዋለሁ።»

ብሌን ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

መምህር ኃይለመስቀል ብስክሌቱን ሊወስዱ መጡ። «የሚቆልፈውን ፔዳል ልመልስልሽ?» አሏት እፀገነትን። «ለብቻ የሚነዳበት የዳገት ውድድር በቅርቡ አለ። አንቺ ብቻ ነሽ የምትነጂው።»

እፀገነት ዳገቱን አሰበች። ብሌን ቆሎዋን መቆርጠም አቁማ መንገዱን ታያለች።

«ለውድድሩ ሰሞን ይገጠምልኝ፣ ቲቸር» አለች። «እስከዚያ ጠፍጣፋው ይሁን። አብረን ነው የምንለማመደው።»