ኢፍቱ፣ ጠቃጠቆ እና ያልታየው ዝናብ

በረሃ አጠገብ ባለች ከተማ አንድ ደረቅ ወንዝ ነበር። ውሃ የለውም፤ አሸዋ ብቻ ነው።

የኢፍቱ አባት ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር አሸዋው ላይ ሐብሐብ ይሸጣል። ኢፍቱ ደግሞ ለፍየል ግልገሏ፣ ለጠቃጠቆ፣ የአሸዋ ቤት ትሠራለች።

«በሩ እዚህ፣ መስኮቱ እዚያ» ትለዋለች። ጠቃጠቆ ግን መስኮቱን ረግጦ ይሄዳል።

ሲርቅባት የበቆሎ ጣሳዋን ትነቀንቃለች። ሿ! ሿ! ሿ! ሆዳሙ ጠቃጠቆ ወዲያው ይመጣል።

አንድ ቀን የአባቷ ስልክ ጮኸ። ቂሪሪ! ቂሪሪ!

ተራራው ላይ የምትኖረው አክስቷ ነበረች። «እዚህ ዶፍ ወርዷል። ቶሎ ውጡ» አለች።

አባቷ ለማስጠንቀቂያ የተቀመጠውን ባዶ በርሜል መታ። ኳ! ኳ! ኳ!

«ውጡ! ወንዙ እየመጣ ነው!»

ነጋዴው ሁሉ ወደ ዳገቱ ሮጠ።

ኢፍቱ ቀና ብላ አየች። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። አንድ ጠብታ እንኳ የለም። ታዲያ ዝናቡ የት ነው? ኢፍቱ ግራ ገባት።

አባቷ እጇን ይዞ ወደ ላይ አወጣት። ሐብሐቦቹን እዚያው ተዋቸው። ኢፍቱ አሁንም ግራ ገባት።

ዞር ስትል ጠቃጠቆ የለም። ታች፣ የአሸዋ ቤቱ ውስጥ ተኝቷል። ቤቱን የወደደው ዛሬ ገና ነው።

«አባዬ፣ ልውረድና ላምጣው።»

«አይሆንም ልጄ። በርሜል ከተመታ ወደ ታች አይኬድም። እኔም አልወርድም።»

ኢፍቱ በጣም ፈራች። እንባዋ መጣ።

ከዚያ ጣሳዋ ትዝ አላት። ከፍ አድርጋ ነቀነቀችው። ሿ! ሿ! ሿ!

አንድ ጆሮ ቀና አለ።

ሿ! ሿ! ሿ!

ጠቃጠቆ ዘሎ ተነሣ። ዳገቱን እየዘለለ ወጣና አፉን ጣሳው ውስጥ ከተተ።

ወዲያው ከሩቅ ድምፅ መጣ። ጉርርርር!

ቡናማ ውሃ ግንድ እየገፋ ደረሰ። የአሸዋውን ቤት ወሰደው። ሐብሐቦቹም እየተንከባለሉ ሄዱ።

ሰማዩ ግን አሁንም ሰማያዊ ነው። ኢፍቱ ጠቃጠቆን አጥብቃ አቀፈችው።

ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ጠየቀች፤ «አባዬ፣ ዝናቡ የት ነበር?»

«ተራራው ላይ። እዚያ ዘነበና ውሃው ቁልቁል ወደ እኛ ወረደ።»

«እኛ ሳናየው?»

«እኛ ሳናየው። አክስትሽ አየችልን።»

ኢፍቱ ትንሽ አሰበች። «እስቲ ደውልላት።»

«አክስቴ፣ አሁንስ እዚያ ይዘንባል?»

«አባርቷል የኔ ቆንጆ። ተኚ።»

«ነገም እጠይቅሻለሁ» አለች ኢፍቱ። «ሳልጫወት በፊት።»

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ጠቃጠቆ ግን አልተኛም፤ ጣሳውን እያየ ነበር።