የሽማግሌው አዞ ድምፅ

«ዝም በሉ እስቲ፣ እንደገና ልክፈተው!» አለች ሬዲዮ፣ ስልኩን ከፍ አድርጋ። ሬዲዮ የሚሏት ምሥጢር አፏ ውስጥ ስለማያድር ነው።

የከፈተችው አጠገቧ የቆመችው ልጅ ትናንት ማታ ለክፍል ጓደኞቿ የላከችውን የድምፅ መልእክት ነበር። ስለ ሒሳብ የቤት ሥራ እየጠየቀች ሳለ፣ ከኋላዋ አንድ ሻካራ የወንድ ድምፅ «ኧረ ጥርሴን! ኧረ መንጋጋዬን!» እያለ ያለቃቅሳል። ዙሪያቸውን የከበቡት የክፍሉ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። «ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለች ሬዲዮ ወደ ልጅቷ ዞራ።

ድምፁ የአባቷ ነው። አባቷ በያጅ ነው፤ ቀን ብረት ሲበይድ ውሎ፣ ማታ ዓይኑ እያቃጠለውም ቢሆን፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ የወደዳቸውን የልጆች መጻሕፍት ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ ከመኝታ በፊት ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟማ ጢም አብቅሏል። ቢሆንም አባቷ ተረቱ ውስጥ ያለውን ሽማግሌ አዞ ሆኖ ጥርሱን ሲያመው ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይህን ለሬዲዮ እንዴት ብላ ትንገራት? በዚህ ዕድሜዬ ተረት ይነበብልኛል ብላ?

«ጎረቤታችን ነው» አለች። ይህ አልበቃ ብሏት ጨመረችበት፤ «ትንሽ ነካ ያደርገዋል።»

ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። ማታ አባቷ ሲያነብ ቀና ብላ ልታየው አፈረች።

በሳምንቱ ርእሰ መምህሩ የተሰባበሩትን ዴስኮች የሚጠግን በያጅ ቀጠሩ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባቷ! «ደስ አይልም? አብረን ልንውል ነው እኮ» ብሎ ሲነግራት የምታጠና መስላ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

በእረፍት ሰዓት ተማሪው ሁሉ ብየዳ ለማየት ተሰበሰበ።

«ልጆች፣ እሳቱን አትዩት! ዓይናችሁን ይጎዳዋል!» ብሎ አባቷ ጮኸ።

ሬዲዮ ጆሮዋን ቀሰረች። «እንዴ! ያ ጎረቤታችሁ አይደል? ያ ነካ የሚያደርገው!» ስትል ግቢው ሁሉ ሰማት።

አባቷ የብየዳ ማስኩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሬዲዮን አየ፤ ከዚያ ልጁን አየ። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አዎ፣ ጎረቤቷ ነኝ» አለ አባቷ። ማስኩን መልሶ ሥራውን ቀጠለ።

የዚያን ማታ መጽሐፍ አልተከፈተም። አባቷ «ዓይኔን አሞኛል» ብሎ ቶሎ ተኛ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ማታ ወንድሟ አላስችል አለው።

«ምን አድርገሽው ነው? ‹እናንተ አድጋችኋል፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ› አለኝ እኮ!»

አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ይጮህብኛል ብላ ስትጠብቅ መብራቱን አጥፍቶ ተኛ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ያሳፈራት የአዞው ድምፅ መስሏት ነበር፤ አሁን ግን የምታፍረው በራሷ ነው።

ጠዋት አባቷ የመበየጃውን ገመድ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለ። የትምህርት ቤቱ ሥራ የሚያልቀው ዛሬ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ቅደሚ። እኔ ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ።»

ለምን እንዲህ እንዳለ ገባት። ከእሱ ጋር ታይታ እንዳታፍር ነው።

«አልቀድምም።»

«ይረፍድብሻላ!»

«ይርፈድብኝ!» አለችና የመሣሪያ ሣጥኑን አንዱን እጀታ ያዘች። ሣጥኑ ከባድ ነው፤ በየሃያ እርምጃው እጅ እየቀያየሩ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስትመርጥ ቆይታ፣ በመጨረሻ ያገኘችውን ተናገረች።

«አባዬ፣ እንደዚያ ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

«አውቃለሁ» አለ። እጅ ቀይሮ መንገዱን ቀጠለ። እሷም ይቅር አለማለቱ ልክ ነው አለች በልቧ፤ በአንዲት ቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሬዲዮ ከነጓደኞቿ ቆማለች። ልጅቷ እርምጃዋን ቀነሰች። አባቷ ይህን አይቶ ሣጥኑን ብቻውን ሊሸከም ወደ ራሱ ሳበው፤ እሷ ግን እጀታውን አልለቀቀችም።

«ሬዲዮ!» ብላ ተጣራች። «ነይ እስቲ፣ ከአባቴ ጋር ላስተዋውቅሽ። ማታ ማታ ተረት የሚያነብልኝ እሱ ነው።»