ፀሐይን ሌባ ያደረገ «አይቻለሁ»

ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ወረድ ብሎ አምፖልና ሶኬት ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ፣ ከካርቶን ክምር ጀርባ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሁልጊዜ ተከፍቶ ይገኛል። ባለቤቱ ፀደንያ ትባላለች። ለአክስቷ ለእትዬ የሻሽወርቅ ዕቃ ትሸጣለች፤ ገበያው ጋብ ሲል ደግሞ ጎረቤቶቿ እስከ ዛሬ በቅጡ ያልገባቸውን ሌላ ሥራ ትሠራለች። «ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች» ይላሉ ሲጠየቁ። አንዳንዶቹማ ከእጮኛዋ ጋር የምትጻጻፍ እየመሰላቸው ሰርጉን በጉጉት ይጠብቃሉ።

እውነቱ ይህ ነው። «ሸማ» የሚባል፣ ትእዛዙ ሁሉ በአማርኛ የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ አለ። ሰው በሸማ የጻፈውን ተቀብሎ ማሽኑ ወደሚገባው የሚለውጠው መሣሪያ ኮምፓይለር ይባላል። የሸማ ኮምፓይለር ባለቤት የለውም፤ ወይም ባለቤቱ ሁሉም ሰው ነው ማለት ይቻላል። ውስጡ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያነበዋል፣ ጉድለት ያየም አርሞ ማስተካከያ ይልካል። ማስተካከያው ግን እንዲሁ ዘሎ አይገባም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ማንበብ፣ በራሱ ማሽን ላይ መሞከር፣ ከዚያም ከሥሩ አንዲት ቃል መጻፍ አለበት፦ «አይቻለሁ»። ይህች ቃል ከተጻፈች ማስተካከያው ሸማን ለሚጠቀም ሁሉ ይደርሳል። ፀደንያ ከገምጋሚዎቹ አንዷ ናት። ደመወዝ የለውም፤ እሷ ግን ማንም ሳያስገድዳት የምትሠራው ሥራ ስለሆነ ከልቧ ትወደዋለች።

እንግዲህ ይህች ጎበዝ ልጅ የብዙዎቻችን በሽታ ነበረባት። በሽታው ይሉኝታ ይባላል።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከጋሼ አስናቀው ማስተካከያ መጣ። ጋሼ አስናቀው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ፀደንያን ከፊደል ገበታው ጀምሮ ፕሮግራም መጻፍ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በነጻ። የላኩት ማስተካከያ ሐሳቡ ቅን ነበር። ሸማን የሚማሩ ልጆች አንዱን ስም አንዴ «ሰላምታ»፣ አንዴ «ሠላምታ» ብለው ይጽፉና ኮምፓይለሩ «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ብሎ ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ ጋሼ አስናቀው ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ፣ ሀን ከሐ እና ከኀ ጋር፣ ኮምፓይለሩ እንደ አንድ ፊደል እንዲቆጥራቸው አደረጉ። አማርኛ ተናጋሪ ሰምቶ «ወይ ጉድ፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ» የሚለው ዓይነት ነገር ነው።

ፀደንያ ከፈተችው። ከላይ የጋሼን ስም አየች። ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረገችው። ማስተካከያ ነባሩን ሥራ እንዳያበላሽ የሚፈትሹትን መሞከሪያዎች ሁሉ ላስኪድ ብትል በዚያ አሮጌ ላፕቶፕ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ደግሞስ የጋሼን ሥራ እሷ ትሞክር? «አይቻለሁ» ብላ ጻፈች። ከከፈተችው ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ወዲያው ሌላው ገምጋሚ ጴጥሮስ ደወለላት።

«የጋሼን አሳለፍሽው?»

«አሳለፍኩት።»

«ሞከርሽው?»

«አንተ ደግሞ! ጋሼን ልፈትን እንዴ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው። እኔም ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማሳልፈው» አለና ሁለቱም ሳቁ።

ሰኞ ጠዋት ላይ ሳቁ ቆመ። ዘመድኩን ከሚባል ሰው መልእክት ደረሰ። ዘመድኩን ከጎጃም የመጣ የግእዝ መምህር ሲሆን፣ በአማርኛ ስለሚጻፍ ብቻ ሸማን ለብቻው ተምሮ፣ ልጆችን ግእዝ የሚያስተምር ፕሮግራም በሁለት ዓመት ሠርቷል። ልጆቹ የግእዝ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፣ ፕሮግራሙ በአማርኛ ይፈታላቸዋል። እሑድ ዕለት ሥራውን ለአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሽማግሌዎች ሊያሳይ ቆመ። ወደው ከተቀበሉት ልጆቹ ሁሉ በእሱ ይማራሉ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ አዲስ ነገር አይቅርብኝ ብሎ አዲሱን ሸማ ጭኖ ነበር።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ይድረስ ለሸማ ገምጋሚዎች። በግእዝ በንጉሡ ሠ ሠረቀ ማለት ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሰረቀ ያው ሰረቀ ነው። ትናንት በሽማግሌዎች ፊት ‹ሠረቀ ፀሐይ› ብዬ ብጽፍ ‹ፀሐይ ሰረቀች› ብሎ ፈታልኝ። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። እኔም ለማስተካከል ብዬ ‹ሰአሊ ለነ› ብጽፍ፣ ለምኚልን ማለት ሲገባው፣ ‹ሥዕል ሳዪልን› አለ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም። አንድ አባት ተነሥተው ‹ልጄ፣ ይህን ግእዝ ማን ነው ያስተማረህ?› አሉኝ። ፀሐይን ሌባ አደረጋችሁብኝ። ለመጪው እሑድ አንድ ጊዜ ብቻ ዕድል ሰጥተውኛል።»

ፀደንያ ፊቷ ጋለ። በዘመድኩን ፕሮግራም እያንዳንዱ የግእዝ ቃል ስም ነው፤ ሁለት የተለያዩ ቃላት በአዲሱ ሸማ አንድ ስም ሆነው፣ ኋላ የተጻፈው የፊተኛውን ውጦታል ማለት ነው። መሞከሪያዎቹን ከፈተች። ከመካከላቸው አንዱ ዘመድኩን ራሱ አምና የላከው ትንሽ የግእዝ ፕሮግራም ነበር። አስነሣችው፤ ወዲያው በቀይ «ወድቋል» አለ። ሐሙስ ዕለት ብታስነሣው ኖሮ ሐሙስ ዕለት ይነግራት ነበር።

ለጴጥሮስ ደወለች። እሱ ምንም አልደነገጠም።

«ቀስ ብለን እናስተካክለዋ። ለሰውየው ‹ፕሮግራምህን ደግመህ እየው› ብለሽ መልሺለት፣ እስከዚያ እንጨርሳለን። ጋሼም ሳይሰሙ ያልፋል። ሽማግሌ ሰው ማሳፈር ምን ያደርግልሻል?»

«መምህሩስ አላፈረም?»

«እሱን አታውቂው! ጋሼ ግን የኛ ናቸው።»

እውነቱን ለመናገር ምክሩ ለፀደንያ ጣፍጧት ነበር።

ስልኩን እንደዘጋች አንድ የቆዩ ደንበኛ መጥተው ስድስት አምፖል ጠየቁ። እትዬ የሻሽወርቅ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ መሞከሪያው ሶኬት ላይ እየሰኩ ያበሩ ጀመር። ደንበኛው ቸኩለዋል።

«ኧረ የሻሽዬ ይተዉት፣ እኔ እኮ እናንተን አምናለሁ!»

«ስለሚያምኑን እኮ ነው የምሞክረው» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ፣ እጃቸውን ሳያቆሙ። «የማያምነኝ ሰውማ እዚሁ ቆሞ ራሱ ይሞክረዋል። እርስዎ በእኔ ተማምነው ይዘውት ሊሄዱ ነው።» አምስተኛው አልበራም። ወደ ጎን አስቀምጠው ሌላ አወጡ።

ፀደንያ ይህን ነገር በቀን ሃምሳ ጊዜ ታየዋለች። ያን ቀን ግን ስለ እሷ የተነገረ ያህል ተሰማት። ዘመድኩን ደግሞ ላለመሞከር መብት ነበረው፤ እሷ «አይቻለሁ» ብላዋለችና። ላፕቶፑን ሳበችና እንዲህ ብላ መለሰችለት፦ «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ማስተካከያውን ሳልሞክር ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። እስከ ዓርብ ይስተካከላል። ፀደንያ።» መልሱ ወዲያው መጣ፦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ አትበይኝ፣ እኩያሽ ሳልሆን አልቀርም።»

ቀሪው ከባዱ ነው። ከሰዓት በኋላ አክስቷን አስፈቅዳ በሚኒባሶቹ መካከል እየተሹለከለከች ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረደች። ሦስተኛ ፎቅ እስክትደርስ ድረስ የምትናገረውን አራት ጊዜ ቀያየረችው። ጋሼ አስናቀው የተፈታ ፕሪንተር ላይ አጎንብሰዋል። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የፀሐይን፣ የሥዕሉን፣ የሽማግሌውን ጥያቄ። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ የአማርኛውን ብቻ ነበር ያሰብኩት» አሉ። «ግእዝ ከነጭራሹ ትዝ አላለኝም። ሲሞከር ምን አለ?»

«አልሞከርኩትም፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«የእርስዎ ስለሆነ... ነውር መስሎኝ።»

«እስካሁን ስንት ማስተካከያ ልኬልሻለሁ?»

«አሥራ አንድ።»

«ከአሥራ አንዱ ስንቱን ሞከርሽ?»

ፀደንያ ወለሉን አየች። ጋሼ አስናቀውም ገባቸው።

«እኔን አየሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «አሥራ አንዱም ሳይመለሱ ሲያልፉልኝ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ማታ እቤት ገብቼ ‹ዛሬም አለፈልኝ› እላለሁ፣ ሚስቴ ትስቅብኛለች። ለካስ ማንም አላነበበኝም። ልጄ፣ ይሄ አክብሮት አይደለም። እኔን ከሥራው ቦታ አንሥተሽ እንደ ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀልሽ ነው።»

ፀደንያ እንባዋ መጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

«ይቅርታውን ዓርብ ሥራው ሲያልቅ እንቆጥረዋለን። አሁን ወንበር ሳቢ።»

በማስተካከያው ላይ በአራት ቀን ውስጥ ሌሎች ሥራዎች ስለተደራረቡ እንዲሁ ነቅሎ መጣል አልተቻለም። ፀደንያ ፊደል በፊደል እየለየች መለሰችው። የጋሼም ቅን ሐሳብ አልተጣለም፤ ከእንግዲህ ኮምፓይለሩ አንድን ስም ሲያጣ «ሠላምታ የሚባል አላገኘሁም፤ ሰላምታ ለማለት ነው?» ብሎ ልጆቹን ይጠይቃቸዋል እንጂ በራሱ ፈቃድ ፊደል አያቀላቅልም። ረቡዕ ዕለት ጨርሳ ለግምገማ ላከችው። ገምጋሚ እንዲሆኑላት የጠየቀችው ጋሼ አስናቀውን ነው።

ሐሙስ ጠዋት መለሱላት። «አላሳለፍኩትም» ይላል መልሱ። «መሞከሪያዎቹ በሙሉ አልፈዋል፤ እኔ ግን አዲስ ጨመርኩበት። ሐለየ ዘፈነ ነው፣ ኀለየ አሰበ ነው። ባንቺ ኮምፓይለር የሚያስብ ሰው ሁሉ ይዘፍናል። ብዙኃኑን ኀ ረስተሻታል።» ፀደንያ ካርቶኖቹ መሐል ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። አክስቷ ዞር ብለው አዩዋትና የእጮኛው ወሬ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። አርማ ላከችው። ጋሼ አስናቀውም መሞከሪያዎቹ እስኪያልቁ ጠብቀው፣ የሞከሩትን በዝርዝር ጽፈው፣ ዓርብ ከቀትር በፊት አሳለፉት።

እሑድ ዘመድኩን እንደገና በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። ያው አባት ራሳቸው ወንበር ሳቡና ስማቸውን እንኳ ያልሰማናቸውን ግሦች እያስጻፉ አንድ ሰዓት ያህል ፈተኑት። ፀሐይ ወጣች፤ ሌባውም ሰረቀ፤ አሳቢው አሰበ። ሁለት ስህተት አገኙ፣ ሁለቱም የዘመድኩን የራሱ ነበሩ። «እነዚህን አርምና ለልጆቹ ጀምርላቸው» አሉት። ለፀደንያ ሲደውልላት ከደስታው ብዛት የሚናገረው አይያዝም ነበር።

የሸማ ገምጋሚዎች ደግሞ ተነጋግረው ያቺን ቃል ለወጧት። ዛሬ ማስተካከያ የሚያሳልፍ ሰው «ሞክሬዋለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ከሥሩም ምን ምን እንደሞከረ ይዘረዝራል። ጴጥሮስ መጀመሪያ ላይ አጉረመረመ፤ በሁለተኛው ሳምንት የራሱን ስህተት በራሱ ሙከራ ሲያገኝ ማጉረምረሙን ተወ።

ወገኖቼ፣ ኮምፓይለር የማናውቅ ሁሉ ይህን ታሪክ ለእነዚያ ልጆች ብቻ አንተወው። ሳናነብ የፈረምንበት ቃለ ጉባኤ፣ ሳንመለከት «ጥሩ ነው» ያልነው የወዳጅ ሥራ፣ ታላቃችን ስለሆነ ብቻ ያላረምነው ስህተት በየቤታችን አለ። እኛ ይሉኝታችንን ጠብቀን በሰላም ስናድር ውርደቱ የሚደርሰው ከማናውቀው ከሌላ ሰው ደጅ ነው። የምናከብረውን ሰው ሥራ ከሌላው ይበልጥ አጥብቀን እንይ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼ አስናቀው አሥራ ሁለተኛውን ማስተካከያ ላኩ። ፀደንያ ሞከረችው፤ ሰባት ነገር አገኘችበት። ሰባቱንም ጽፋ መለሰችላቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ።

«ሰባት?» አሉ ጋሼ አስናቀው።

«አዎ ጋሼ... በዝቶ ይሆን እንዴ?»

«ሃያ ዓመት ስጽፍ» አሉ፣ «እንዲህ አድርጎ ያነበበኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»