የዘር ፈላጊው የመጨረሻ ኩባያ

ሚስተር ፔልሃም በችግኝ ጣቢያው በረንዳ ላይ፣ ባዶ ኩባያውን እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ከየጫካው አዲስ የሚበላ ተክል እየፈለገ ወደ አገሩ የሚልክ እንግሊዛዊ ነበር። ኢንስፔክተር ዳርክዋ ከአክራ ሲደርስ ከዘንባባ ዛፍ ጠጅ የሚቀዳው ላርቢ እጁ ታስሯል፤ ፖሊሶቹ ሩቅ መሄድ ስላልወደዱ አጠገባቸው ያገኙትን ለስቅላት አዘጋጅተዋል። ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

«ጠጁን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ግን ሁላችንም ከአንድ እንስራ ነው የጠጣነው። ከርሞ ሆምጣጤ ስለሆነ ይቅርታም ጠይቄያለሁ።»

«ለይቅርታም አይበቃም!» አለች ምግብ አብሳይዋ ዴዴ። «ጥርሴን ነው ያጠረሰኝ።»

«እርስዎስ፣ ናና?»

ችግኝ ጠባቂው ሽማግሌ ናና አንሳ ቀና ሳይል መለሰ። «ጥሩ ነበር። ጣፋጭ።»

በኩባያው ቂጥ ነጭ ዱቄት ቀርቷል። ዳርክዋ በምላሱ ጫፍ ነካ አድርጎ ወዲያው ተፋው። ማንም ከዕቃ ቤት ሊያነሳው የሚችል የዝገት ማስለቀቂያ አሲድ ነው። ከችግኞቹ መሀል ደግሞ አዲስ የተተፉ የቀይ ፍሬ ዘሮች አየ። ተመልሶ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበ።

«ይህን አሲድ የቀመሰ ይተፋዋል፤ ሟቹ ግን ጨልጦታል። ለምን? ያንን ቀይ ፍሬ ታውቁታላችሁ፤ እሱን ለበላ ሰው ኮምጣጣው ሁሉ ይጣፍጠዋል። አንድ ሰው አብልቶታል።»

«ማን?» አለች ዴዴ።

«በእኛ ወግ ሰጪው አስቀድሞ ይቀምሳል። ፔልሃምም፣ እንደነገራችሁኝ፣ ሰጪው ሲቀምስ ሳያይ ምንም አይጎርስም ነበር። ስለዚህ የሰጪውም ምላስ ተታሏል። ያንን ሆምጣጤ ጣፋጭ ነው ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ፍሬውን መብላቴን ረስቼው ነበር» አለ ናና አንሳ።

ላርቢ እጁ ሲፈታለት ዞር አለ። «ናና፣ እኔ ልሰቀል ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ። ምንም አልተሰማኝም።»

ዳርክዋ አጠገቡ ተቀመጠ። «ለምን፣ ናና?»

«አዲስ ፍሬ ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ ልጆቻችንን ያስቀምስ ነበር። የኔዋ አፍሪየ ጠዋት በላች፣ ማታ ሞተች። ሬሳዋን ታቅፌ ተቀምጬ ሳለ መጣ።» በድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ሐዘኑ ከደነዘዘ ቆይቷል።

«ሊያጽናናዎት?»

«አይ። ጣዕሙ ምን ይመስል እንደነበር ነግራህ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ።»